ፉከራና ፉክክር፤ የጨዋታ ትምክሕት ከጌቶች ሽሚያ ጋር ስለ መያያዙ

ስለ ፉከራ የሚጽፍ ሰው ከቃሉ ቢነሣ መንገዱ ይቀናለታል። በአማርኛ «ፉከራ» የሚባለው ሰው ስለ ኀይሉና ስለ ሥራው በአደባባይ የሚያሰማው ትምክሕት ነው። «ፉክክር» የሚባለው ደግሞ ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው ለመብላለጥ የሚያደርጉት ሽሚያ ነው። ሁለቱም «ፎከረ» ከሚለው ግስ የወጡ ሲሆኑ፥ ሁለተኛው «ተፎካከረ» ከሚለው ተደራራጊ ግስ የተገኘ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ተፎካከሩ ስንል፥ ቃሉን እስከ ሥሩ ብንከተለው፥ አንዱ በሌላው ላይ ፎከረ ማለታችን ነው። ዛሬ የእግር ኳስ ጋዜጠኛ የአንዱን ክለብ ባላንጣ «ተፎካካሪ» ይለዋል፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህም በመንግሥት ንግግር «ተቃዋሚ ፓርቲ» በማለት ፈንታ «ተፎካካሪ ፓርቲ» ማለት ተለምዷል። ሜዳውና ሸንጎው በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ከቃሉ በስተጀርባ ረጅም ልማድ አለና፥ በዚህ ጽሑፍ የዚያን ልማድ አሠራር ለመግለጽ እሞክራለሁ፤ ይኸውም ኳስ የመታ ወይም ፈረስ የጋለበ ሰው ስለ ራሱ ሲመካ የጌታውን ስም ለምን እንደሚያነሣ፥ ይህም ሲሆን ጨዋታው ወደ ጠብ እንዳይለወጥ ምን ይጠብቀው እንደ ነበረ ነው።

ፉከራ የራሱ ወግ አለው። ፎካሪው ብድግ ብሎ፥ ጦሩን ወይም ዱላውን እየነቀነቀ፥ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ «ዘራፍ!» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው የገዛ ስሙ አይደለም፤ «የእገሌ አሽከር» የሚለው ነው። ራሱን ከፍ ሊያደርግ የተነሣ ሰው ንግግሩን በአሽከርነት መጀመሩ ስለ ምንድር ነው? አሽከር መባል በዚህ ስፍራ ውርደት ሳይሆን ዋስ መጥራት ነው። ብቻውን የቆመ ሰው «እኔ ብርቱ ነኝ» ቢል፥ ሰሚው ስቆ ሊያልፈው ይችላል። «የእገሌ አሽከር እንዲህ አደረገ» ሲል ግን ሥራው በትልቁ ሰው መዝገብ የተጻፈ ይሆናል። ጌታው በአሽከሩ ጀግንነት ይከበራል፤ አሽከሩም በጌታው ስም ይከበራል።

ነገር ግን ይኸው አነጋገር ለባላጋራው ችግር ያመጣበታል። እርሱም የሌላ ጌታ አሽከር ስለ ሆነ፥ የሰማው «እኔ ካንተ እበልጣለሁ» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «ጌታዬ ከጌታህ ይበልጣል» የሚለውንም ነው። ሰው በራሱ ላይ የተነገረውን ችሎ ዝም ቢል ትዕግሥተኛ ይባላል፤ ጌታው ሲነካ ዝም ቢል ግን ከዳተኛ ይባላል። ስለዚህ የመለሰው መልስ ከራሱ አልፎ ለጌታው የሚመለስ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል የተጀመረው ነገር በዚህ ዓይነት፥ ማንም ሳያስበው፥ በሁለት ቤቶች መካከል ያለ ነገር ይሆናል። ጌቶቹ ምናልባት በዚያች ሰዓት በየቤታቸው ተቀምጠው ስለ ነገሩ ምንም አልሰሙም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የፈረስ ስም ሊመረመር ይገባዋል። መኳንንቱ ከክርስትና ስማቸውና ከማዕርጋቸው ሌላ «አባ» ተብሎ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ልማዱ በአማራውም በትግሬውም በኦሮሞውም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም በዚሁ ዓይነት ስም ይታወቃሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ይባሉ ነበር። ሰዋስው የሚያውቅ አንባቢ ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ትእዛዝ አንቀጽ መሆናቸውን ያስተውላል። «ታጠቅ» ለሰው የሚነገር ትእዛዝ ነው፤ «በዝብዝ»ም እንደዚሁ። «ዳኘው»ና «ቃኘው» የሚሉት ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርሙ ናቸው፤ ቃሎቹን «አንተ ዳኘው፥ አንተ ቃኘው» ብሎ እንደ ትእዛዝ ማንበብ ይቻላል፤ «እርሱ ዳኘው፥ እርሱ ቃኘው» ብሎ እንደ ኀላፊ አንቀጽ ማንበብም ይቻላል። ሊደረግ የታዘዘውና የተደረገው በአንድ ድምፅ ይነገራሉ። ፉከራም ይኸው ነው፤ ነገ የሚያደርገውን ትናንት እንዳደረገው አድርጎ የሚናገር አፍ ነው። ስለዚህ አሽከሩ በሜዳ ላይ የጌታውን የፈረስ ስም ሲጠራ ስም ብቻ አልጠራም፤ በአንዲት ቃል የተጠቀለለ ፉከራ አሰማ። የእነዚህ ስሞች ኀይል ሰዎቹ ካለፉ በኋላም አልጠፋም፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር «ቃኘው» መባሉ ከራስ መኰንን ፈረስ ስም የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። የገና ጨዋታ ራሱ ቆልማማ በሆነ ዱላ ኳስ የሚመታበት ነው፤ ኳሲቱ እንደ አገሩ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ተሠርታ እሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። ጨዋታው ስሙን ለበዓሉ ሰጠ ወይስ ከበዓሉ ወሰደ የሚለው ክርክር ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ልደት ትለዋለች፤ ሕዝቡ ግን የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ እያለ የጨዋታውን መነሻ ይተርካል። በቀድሞው ልማድ የተጫዋቾቹ ቍጥር የተወሰነ አልነበረም፤ የሜዳውም ዳርቻ በኖራ አልተሰመረም። ሰፈር ከሰፈር፥ ደብር ከደብር፥ የአንዱ መኰንን ቤት ከሌላው መኰንን ቤት ይጋጠማል። በሜዳው ውስጥ ጌታና ሎሌ ተቀላቅለው ይጫወታሉ፤ ዱላም ሰውን መርጦ አይመታም።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ከምቱ ይልቅ ግጥሙ ነው። ኳሷን ያገባው ወገን በተሸነፈው ላይ ይዘፍናል፤ ከተጫዋቾቹም አልፎ በተሸነፈው ወገን አለቃ ላይ ይገጥማል። የአለቃው ስስት፥ የግብሩ ማነስ፥ የሹመቱ መሻር፥ በዘመቻ የሆነበት ነገር ሁሉ ይነሣል። በሌላ ቀን ቢነገር ጅራፍ ወይም እስር የሚያስከትል ነገር በዚያ ቀን በሳቅ ይታለፋል፤ በገና ጨዋታ ጌታ ሊቆጣ አይገባውም የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለምና። ብሂሉ ጌታው አይከፋውም አይልም፤ የሚናገረው ስለ ቍጣ ነው። የሚሰማውን ይስማው፥ ነገር ግን ሥልጣኑን አያንቀሳቅስ ማለት ነው። ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾቹ በየትልልቁ ሰው ደጅ እየዘፈኑ ሲሄዱ፥ የተሰደበው ጌታ ራሱ ያበላቸዋል ያጠጣቸዋል። የማይቆጣ መሆኑን በእንጀራና በጠላ ያስመሰክራል።

ይህን ልማድ የሕዝብ መተንፈሻ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ይህ አስተያየት እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይመስለኝም። ፈቃዱ የሚሠራው ጠንካራ አጥር ስላለው ነው። አንደኛው አጥር ቀኑ ነው፤ የገና ስድብ የገና ሰሞን ስድብ ነው፤ ወሩ ካለፈ በኋላ ያንኑ ግጥም በጌታው ደጅ ቆሞ ቢደግመው ጨዋታ ነው ብሎ የሚያስጥለው አያገኝም። ሜዳውም አጥር ነው፤ በዚያ የሚናገረው ሰው ፊቱ ይታያል፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይታወቃል፥ ሲጠግብም ሽማግሌ ይገሥጸዋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው አጥር ግን ኳሷ ናት። ፎካሪው ፎክሮ ሳይጨርስ ኳሷ ተመልሳ በራሱ ወገን በኩል ትገባና አፉን ትዘጋዋለች። በሜዳ ላይ የትምክሕት ዕድሜ አጭር ነው፤ ዳኛው ከአጠገቡ አይርቅምና።

በፈረስ ጉግሥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፥ ግን ወደ ጦርነት ይበልጥ ይጠጋል። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ይህ ጨዋታ የሰልፍ ትምህርት ስለ ነበረ፥ የማን ቤት ፈረሰኛ ይበልጣል የሚለው ጥያቄ የማን ጦር ይበልጣል ከሚለው ብዙ አይርቅም። ልማዱ ጌቶቹ ካለፉ በኋላም ሌላ መልክ ይዞ ይኖራል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዚያ የሚፎከረው በአንድ መኰንን ስም ሳይሆን በአባቶች ስም ነው፤ የስሙ ባለቤት ሲለወጥ የፉከራው አቅጣጫም እንዴት እንደሚለወጥ ለመመልከት ይህ በዓል ለተማሪዎች ጥሩ የምርምር ስፍራ ነው።

አጥሩ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ የሆነውን መመልከት ይበቃል። ስለ ደጃዝማች ካሣ፥ ማለት ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ ተባሉት፥ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለት ነገር ይተርካሉ። እቴጌ መነን በካሣ ላይ ያዘመቷቸው ደጃዝማች ወንድይራድ ገና ከመዝመታቸው በፊት የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎከሩ። ወንድይራድ ተሸንፈው በተያዙ ጊዜ ካሣ ኮሶ አስጠጧቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ፉከራው ወደ ተናጋሪው የተመለሰው ቃል በቃል ነው፤ ስድብ የነበረው መጠጥ ሆነ። ቅጣቱ መራራ ቢሆንም ቀልድ አለበት፤ ካሣ የሜዳውን ወግ ገና አልዘነጉም ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ቀልድ የለበትም። ኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ውጊያ ከመደረጉ በፊት የጎሹ አዝማሪ በጌታው ፊት ቆሞ ካሣን በግጥም ሰደበ። አዝማሪው ያደረገው ሥራውን ነው፤ በገና ሜዳ እንደሚደረገው ሁሉ፥ የጌታውን ባላጋራ አቃልሎ የጌታውን ጦር ማሞቅ። ጎሹ በውጊያው ላይ ሞቱ፤ አዝማሪውም ተማረከ። ካሣ ምን ብለህ ነበር የሰደብኸኝ ብለው ጠየቁት። እርሱም በራሱ አፍ ላይ የሚፈርድ ግጥም ገጥሞ መለሰ፤ ምናልባት በብልሃቱ ይቅር የሚሉት መስሎት ይሆናል። በዱላ ተደብድቦ ሞተ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት የመልሱን ውበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዝማሪው ሁለት ጊዜ የገጠመው በአንድ ዓይነት ጥበብ ሲሆን፥ በመጀመሪያው ጊዜ ሽልማት፥ በሁለተኛው ሞት አገኘ። ቃሉ አልከፋም ወይም አልተሻለም፤ ከዙሪያው የነበረው አጥር ጠፋ እንጂ። ቀኑ የበዓል ቀን አልነበረም፤ የሚከለክልም ሽማግሌ አልነበረም፤ ያሸነፈውም ሰው ዳኛም ባለጉዳይም እርሱ ራሱ ነበረ።

አዲስ አበባ ላይ ጃን ሜዳን የሚያውቅ ሰው እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል ጎረቤት እንደ ሆኑ ይረዳል። በጃን ሜዳ ገናም ጉግሥም ይደረጋል፤ ጥምቀትም ይከበርበታል። በዚያው ሜዳ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በኋላ የሸዋ ሠራዊት በንግሥት ዘውዲቱ ፊት በፉከራ አለፈ፤ ፎካሪው ሁሉ እየተወረወረ የሠራውን ይናገር ነበር፤ ንጉሥ ሚካኤልም በሰንሰለት ታስረው በዚያ አለፉ። ከእንግሊዝ ለጋሲዮን የመጣ የስድስት ዓመት ልጅ፥ ኋላ መንገደኛና ጸሐፊ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፥ ይህን አይቶ እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳውም። የአባ ሻንቆ አሽከሮችና የአባ መላ አሽከሮች ቀደም ባሉት ዓመታት በሰላም ጊዜ በየበዓሉ ተፎካክረው ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን ግን አንደኛው ወገን መልስ የሚሰጥበት አፍ አልነበረውም። አንድ ሜዳ፥ አንድ ዓይነት ቃል፥ አንድ ዓይነት እርምጃ፤ ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የቀድሞው ሥርዓት ቃልን ያለ መያዣ አይለቅም ነበር። በግብር ላይ የሚፎክር ጀግና ግዳዩን በጌታው ፊት ይጥላል፤ ግዳይ ሳይጥል የሚፎክር መሳቂያ ይሆናል። በችሎትም በላ ልበልሃ ተባብለው የሚከራከሩ ባለጉዳዮች በቃላቸው ላይ ማር፥ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ ያለ ውርርድ የሚጮኽ ሰው የሚሰማው አያገኝም። የገና ሜዳ ኳስም ይኸው ግዳይና ውርርድ ነው። እንግዲህ ልማዱ ትምክሕትን አልከለከለም፤ ዋጋ ቈረጠለት እንጂ። ትምክሕት አደገኛ የሚሆነው ብዙ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ተመካሪው እንዲያሳይ የማይጠየቅበት ስፍራ ሲያገኝ ነው። በዚያ ጊዜ የራሱ ሥራ ባዶ መሆኑን የሚሸፍንበት ሌላ ነገር ስለሌለው፥ የጌታውን ስም አብዝቶ ይጠራል። ከዚህ የተነሣ ሜዳ ያልወረደ ሰው ከተጫዋቹ ይልቅ ስለ ጌቶች ጠብ አምርሮ ሲናገር ይሰማል፤ ከመጠጥ ቤት እስከ ቢሮ ይህን ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንዱ በወጣትነቴ እንዲህ ሮጬ ነበር፥ እንዲህ ታግዬ ነበር ብሎ ይጀምርና፥ ማንም ሊመሰክርለት ስለማይችል፥ ነገሩን እገሌ የሚባለው መሪ ከእገሌ ይበልጣል ወደሚለው ያዞረዋል፤ ሁለተኛውም ተመልሶ በሌላው መሪ ስም ይነሣበታል። የሁለቱም ሩጫ ተረሳ፤ የመሪዎቹ ሽሚያ ግን በሁለት ሰዎች መካከል ቂም ሆኖ ቀረ።

የእግር ኳስ ነገርም የዚሁ ተከታይ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ጠላት አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር ከኢጣልያውያኑ ፎርቲቱዶ፥ ከአርመኖቹ አራራት፥ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተሰለፈ። በዚያ ሜዳ ቆሞ የፎከረ ደጋፊ የፎከረው ስለ ኳስ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት የተለየ ምርምር አያሻም። ይሁን እንጂ እነዚያ ቡድኖች ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፤ ውጤቱም በ90 ደቂቃ ይታወቅ ነበር። በቅርቡ ዘመን ግን ክለቦች የክልልና የከተማ ስም እየያዙ፥ የክልሎቹም መሪዎች እየተቃቃሩ በመጡ ጊዜ፥ የደጋፊው ዘፈን ከኳሱ እየራቀ ሄደ፤ በ2010 ዓ.ም. የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጓቸውን ግጥሚያዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲያደርጉ እስከ መወሰን ተደረሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱን ዘፈን አመጣው ማለቴ አይደለም፤ መንሥኤው ሌላና ከባድ ነው። ነገር ግን የስታዲየሙን ዘፈን በጊዜው ሰብስቦ የጻፈ የባህል ተማሪ ቢኖር ኖሮ፥ ስለ ዘመኑ ብዙ የሚያስረዳ ሰነድ በእጃችን በኖረ ነበር።

ዛሬ የገና ጨዋታ በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ሆኖ በተወሰነ ሜዳ፥ በተወሰነ ቍጥርና ሰዓት፥ በዳኛ ፊሽካ ይካሄዳል። ይህ ጨዋታውን ከመጥፋት ስለሚጠብቀው ሊመሰገን ይገባል። ከደንቡ ውስጥ ግን የስድብ ግጥሙ ቦታ አላገኘም፤ ስለ ጌታ አለመቆጣትም የሚናገር አንቀጽ የለም፤ ጌታም የለምና። ምቱ ቀርቶልናል፤ ግጥሙ ግን በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በገጠር ዘመድ ያለው ተማሪ ሁሉ በዕረፍቱ ጊዜ ግጥሞቹን ቢጽፍ መልካም ነው። በሚጽፍበት ጊዜ ቃሉን ብቻ ይዞ እንዳይመለስ አሳስበዋለሁ፤ ግጥሙ በየትኛው ሜዳ እንደ ተባለ፥ በየትኛው ጌታ ላይ እንደ ተገጠመ፥ የዚያ ጌታ ተፎካካሪ ማን እንደ ነበረ፥ የተሸነፈውም ወገን ምን ብሎ እንደ መለሰ፥ ማታም በማን ቤት እንደ ተበላ ጨምሮ ይጻፍ።